የፈላ ውሃ ያስገድፋል ወይ?

ማክሰኞ ማለዳ ወንድሜ ሲሳይ ውሃ ያፈላ ነበር። ረቡዕ ሞተ። ከማክሰኞ ብጀምር ይሻለኛል፤ ስለ ማክሰኞ ሳወራ ቢያንስ አብሮኝ አለ።

ሲሳይ ታላቄ ነው። ሰቆጣ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምር ነበር። እኔ ደሴ ሁለተኛ ደረጃ እየተማርኩ ክረምት ክረምት ወደ ቤት እመለሳለሁ። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ በቤታችን ያለነው እናታችን፣ እሱና እኔ ነን። ነበርን ማለቴ ነው። እንዲህ እያልኩ መደናቀፌ አይቀርምና ታገሡኝ።

ስለ ውሃ ማፍላቱ ልንገራችሁ። እናታችን ጎረቤት በማያየው በጓሮ በኩል እንዲያፈላ ትለምነው ነበር። «ሰው ሽሮ ያፈላል፣ ሰው ተልባ ያፈላል» ትላለች። «አንተ ምን ጎድሎህ ነው ባዶ ውሃ የምትቀቅለው? የሚሠራለት አጣ ይሉሃል እኮ።» እሱ ይስቃል። ያፈላል፤ ከዚያ ያቀዘቅዛል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ይጠጣል። በእናታችን ዓይን ይህ የለየለት እብደት ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር፤ በስንት እንጨት አሞቀው፤ አሁን ደግሞ ቁጭ ብሎ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፤ መጨረሻው ያው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። በከተማው የወጣለት ስም «ውሃ ቀቃዩ» ነበር። ገበያ ውስጥ «የውሃ ቀቃዩ ወንድም» ሲሉኝ፣ የደሴ ተማሪ ነኝና፣ ያልሰማሁ መስዬ አልፋለሁ።

እሱ ግን ለቀልድ አልነበረም የሚያፈላው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ስም ይጠራል። አንዳንዱ ስም ይጠራና መልስ ይጠፋል። ቆይቶ ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ ብድግ ይልና «እሱ በክረምቱ ተቅማጥ ይዞት ሞቷል፣ ጋሼ» ይላል። ሲሳይ ያንን ዝምታ ይፈራው ነበር። ነሐሴ ሲገባ ፊቱ ይከሳል። የከተማው ሰውና ከብቱ ከአንድ ኩሬ ነው የሚጠጡት፤ ዝናቡም የደጁን ሁሉ አጥቦ እዚያው ይጨምረዋል።

ትምህርት ቤቱ ደግሞ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረው። ከአዲስ አበባ በሣጥን የመጣ ነው። ርእሰ መምህሩ እንዳይሰበር ብለው ቆልፈውበት ነበር። ሲሳይ «ተቆልፎ ከሚያረጅ ታይቶ ቢሰበር ይሻላል» እያለ ሲጨቀጭቃቸው ከርሞ፣ በዚያ ክረምት ቁልፉን ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ማይክሮስኮፑን በነጠላ ጠቅልለን ገበያ እንወርዳለን።

የምንተክለው በሐጂ እንድሪስ ሱቅ ደጅ ነው። ሐጂ ጨርቅ፣ ጨውና ጋዝ ይሸጣሉ፤ ባዶ የጋዝ ሣጥን አውጥተው በጠረጴዛ ፈንታ ይሰጡናል። ወሬ የሚወድ ሰው ስለነበሩ ከዚህ ሌላ ምክንያት አያስፈልጋቸውም።

መሣሪያው መብራት የለውም። ከሥሩ ያለች ትንሽ መስታወት የፀሐይን ብርሃን ተቀብላ ወደ ላይ ትልካለች፤ ከላይ በጠባቡ ቱቦ ይታያል። በነሐሴ የሰቆጣ ፀሐይ ደግሞ እንደ ሙሽራ ናት፤ ብቅ ብላ ወዲያው ትሸፈናለች። ስለዚህ ሕዝቡ ተሰልፎ፣ አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ይጠብቃል። «መጣች» ሲባል አንዱ ጎንበስ ይላል፤ «ሄደች» ሲባል ቀና ይላል።

እኔ ሥራዬ ዓይን መዝጋት ነበር። የአገራችን ሰው በአንድ ዓይኑ ማየት አይሆንለትም። አንዱን ጨፍን ሲሉት ሁለቱንም ይጨፍናል፤ ክፈት ሲሉት ሁለቱንም ይከፍታል። እኔ ከኋላ ቆሜ በመዳፌ ግራ ዓይኑን እከድንለታለሁ። በዚያ ክረምት የሰቆጣን ሕዝብ ግማሽ ዓይን ጨፍኛለሁ ብል አላጋነንኩም። የሚያለቅስ ዓይን አለ፤ የሚርገበገብ አለ፤ እጄን የሚነክስ የሚመስል ቅንድብ አለ። ይሄን ለመማር ነው ወይ ደሴ ድረስ የሄድኩት እያልኩ አጉረመርም ነበር።

በዚያ ማክሰኞ መጀመሪያ ያየችው እትዬ ዘውዲቱ ናት። እትዬ ዘውዲቱ ጠላ ትሸጣለች፤ አንደበቷ ከጠላዋ ይጠነክራል።

«አየሁት» አለች ገና ጎንበስ እንዳለች። «ጥቁር ነው። እግሩ ብዙ ነው። ይኸው ይዘረጋል፣ ይሰበስባል።»

ሲሳይ ተደስቶ ሊያይ ቀረበ። ሰማዩን አየ፤ ፀሐይ የለችም።

«እትዬ ዘውዲቱ፣ ያዩት የራስዎን ሽፋሽፍት ነው።»

«የኔ ሽፋሽፍት እንዲህ ያስፈራል?» አለች ቀና ብላ። «ይሄን ሁሉ ዓመት አብሮኝ ሲኖር ባሌ እንዴት አንድ ቀን አልነገረኝም?»

ሰዉ ሳቀ። ሲሳይም ሳቀ። ሳቁን አሁን ስጽፈው ይሰማኛል፤ አፍንጫውን ያዝ አድርጎ ነበር የሚስቀው። እንዴት ብዬ ልግለጸው። ይለፈኝ።

ቀጥሎ ሐጂ እንድሪስ አዩ። ፀሐይዋ በትክክል ወጥታ ስለነበር ያዩት ሽፋሽፍት አልነበረም። ከዚያው ከኩሬው የተቀዳ ጠብታ ውስጥ የጫማ ሶል የሚመስሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ወዲያ ወዲህ ሲሮጡ አዩ። «ሱብሃነላህ» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ ሁሉ በኔ ገንቦ ውስጥ ነው?»

«በሁላችንም ገንቦ ነው፣ ሐጂ።»

«ሰው የሚገድሉት እነዚህ ናቸው?»

ሲሳይ መዋሸት አይችልም ነበር። ቢዋሽ ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። «እነዚህ አይደሉም» አለ። «የሚገድሉት ከነዚህ በጣም ያነሱ ናቸው። በዚህ መሣሪያ አጥርተን አናያቸውም።»

«እንግዲያ የሚታዩት አይገድሉም፣ የሚገድሉት አይታዩም» አሉ ሐጂ። «መምህር ሲሳይ፣ ነጋዴ ብትሆን አንድ ክንድ አቡጀዴ አትሸጥም።»

በዚህ መሐል ነው መምሬ ካሳ የደረሱት። መምሬ ካሳ ከወንዙ ማዶ፣ ወደ ደሃና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው መንደር ቄስ ናቸው። ለቤተ ክርስቲያናቸው የጧፍ ክር ሊገዙ ነበር ወደ ሐጂ ሱቅ የመጡት። የሐጂን የመጨረሻ ንግግር ሰምተው ፈገግ አሉ። «የማይታየውንስ ማስተማር የኛም ሥራ ነው፤ አያስቸግረኝም» አሉ። «እስቲ የሚታየውን አሳዩኝ።»

ልከድንላቸው እጄን ሳነሳ ገለል አድርገው፣ ግራ ዓይናቸውን ራሳቸው ጨፍነው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። ፀሐይዋም እሳቸውን አክብራ ቆመች።

«ይበላል?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ምኑ፣ መምሬ?»

«ይሄ የሚሮጠው። ምግብ ይበላል ወይ?»

«አዎ ይበላል። ይራባልም።»

«ይሞታልስ?»

«ይሞታል።»

መምሬ ካሳ ቀና አሉ። «እንስሳ ነዋ» አሉ።

ፍልሰታ መሆኑን ነግሬያችኋለሁ? አልነገርኳችሁም። ፍልሰታ ነበር። ሕፃን እንኳ ሳይቀር ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ የማይቀምስበት ጾም። እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ጉሮሮው ደርቆ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣትን አንድ ዋንጫ ውሃ እያሰበ ነው የቆመው። «እንስሳ» የሚለው ቃል በሰልፉ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት። የአማርኛው ካለቀ በኋላ በኸምጣኛ ተተርጉሞ እንደገና ሄደ።

«በፍልሰታ» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

«እንዴ ቆይ፤ ሥጋ አለው ወይስ የለውም?» አለች እትዬ ዘውዲቱ። ወደ እኔ ዞረች። «አንተ የደሴው፣ ተናገር እስቲ። እዚያ የሚያስተምሯችሁ ምንድን ነው?»

ዓመቱን ሙሉ ባዮሎጂ ተምሬ አንድ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ሰውነታቸው ፕሮቲን አለው» አልኩ።

«ፕሮቲን ምንድን ነው?»

«ለምሳሌ» አልኩ፣ «ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል።»

ባቄላም ፕሮቲን አለው። ምስርም፣ ሽምብራም አለው። ሁሉንም ተምሬአቸዋለሁ። ግን በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ሁሉ ጾመኛ ፊት፣ ከአፌ የወጡት ቤተ ክርስቲያን የከለከለቻቸው ብቻ ናቸው፤ ያውም በቅደም ተከተል። ሲሳይ ዓይኖቹን ጨፈነ። ሁለቱንም፣ ያለ እኔ እርዳታ።

ከዚያ ነገሩን ላድን ብሎ ገባበት። «ወገኖቼ» አለ፣ «ለዚህ እኮ ነው አፍልታችሁ ጠጡ የምላችሁ። ውሃው ሲፈላ ሁሉም ይሞታሉ።»

«ከሞቱ በኋላ ወዴት ይሄዳሉ?» አሉ መምሬ ካሳ።

«የትም አይሄዱም። እዚያው ናቸው።»

«በውሃው ውስጥ።»

«አዎ።»

«ተቀቅለው።»

«አዎ» አለ።

«ልጄ፣ ሥጋ የተቀቀለበት ውሃ ምን እንደሚባል አንተም ታውቃለህ።»

«መረቅ» አለች እትዬ ዘውዲቱ፣ ማንም ሳይቀድማት።

ሐጂ እንድሪስ ከሱቃቸው ደፍ ላይ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእናንተስ ቀላል ነው» አሉ። «ፍልሰታ ሲፈታ ትጠጡታላችሁ። የኔን አስቡልኝ እንጂ። ክርስቲያን ያፈላው ውሃ ለእኔ የክርስቲያን ሥጋ ነው። ጎረቤት ቤት ገብቼ ውሃ ስጠኝ ልል አይደለም። እናንተም ከኔ ቤት አትጠጡም። በቃ፣ ውሃችንም ሊለያይ ነው።»

«ሳናፈላው በጥሬው ብንጠጣስ?» አለ አንዱ።

«ጥሬውማ ቁርጥ ነው» አለች እትዬ ዘውዲቱ። «ሲፈላ መረቅ፣ ሳይፈላ ቁርጥ። ለጾመኛ የቀረለት ጠላ ብቻ ነው።» ማሰሮዋን አስተካከለች።

ሲሳይ እዚህ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት። ግን አስተማሪ ነው። «ጠላ ውስጥም አሉ» አለ። «እንዲያውም ጠላውን የሚያፈሉት እነሱ ናቸው።»

«የኔን ጠላ የሚያፈላው ጌሾና ብቅል ነው» አለች። «እኔ ለእንስሳ ጠምቄ አላውቅም። ስሜን አታጥፋው።»

ያን ጊዜ ዝናቡ ወረደ። እኛ ማይክሮስኮፑን ታቅፈን ሱቁ ውስጥ ገባን፤ ሰዉም እየተከራከረ ተበተነ። በየአቅጣጫው «መረቅ»፣ «ቁርጥ» ሲባል ይሰማ ነበር። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የወንድሜን የክረምት ሥራ ሁሉ በአንዲት ፕሮቲን ያፈረስኩ መሰለኝ።

መምሬ ካሳ ጣሪያው ሥር ከእኛ ጋር ቆመው ዝናቡን ሲያዩ ቆዩና ወደ ሲሳይ ዞሩ። «ስማኝ ልጄ። እኔ አላፌዝኩብህም። ባለፈው ክረምት ስንት ሕፃን እንደቀበርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የኛ ምንጭ ከድንጋይ ሥር የሚወጣ፣ ሲያዩት የጠራ ነው። ነገ ና። ቅዳሴ ሲወጣ ሕዝቡን ቅጽሩ ውስጥ አቆይልሃለሁ። የኛን ውሃ አሳየን። ከሌለበት ደስ ይለናል። ካለበት ግን አስብበትና እነግራቸዋለሁ። እኔ ጠጡ ካልኳቸው ይጠጣሉ፣ አትጠጡ ካልኳቸው ይተዋሉ።»

«እሺ መምሬ። እመጣለሁ» አለ ሲሳይ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጭቃው ጫማዬን እየነጠቀኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። እሱ ግን ያፏጫል።

«አያ ሲሳይ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ለምኑ?»

«ለፕሮቲኑ።»

መንገድ መሐል ቆመ። አፍንጫውን ይዞ እስኪበቃው ሳቀ። «አንተ ጅል፣ አልገባህም?» አለኝ። «ሲከራከሩ አልሰማህም? መረቅ ነው አሉ፣ ቁርጥ ነው አሉ፣ የክርስቲያን ነው የእስላም ነው አሉ። አንድም ሰው ‹የለም› አላለም። ውሃ ውስጥ ሕይወት የለም ያለ አንድ ሰው ሰምተሃል? አምነዋል እኮ። ካላመኑት ይጾሙታል እንዴ?»

እኔ አልሰማሁም ነበር። ያን ሁሉ ሰው ዓይን እየጨፈንኩ፣ አንዱንም አላየሁም ነበር።

ያን ቀን ማታ እራት ላይ ለነገው ንግግሩን በኸምጣኛ ሲለማመድ እናታችን ታርመው ነበር። ኸምጣኛዋ ከእኛ ይልቃል። «እንዲህ አይባልም፤ እንዲህ ካልክ ሕፃኑን ቀቅሉት ማለት ነው» እያለች ትስቃለች። እሱም ደጋግሞ እየተሳሳተ ያስቃታል፤ አውቆ ይመስለኛል። ያ ነው ማክሰኞ። ሌላ ማክሰኞ የለኝም።

ረቡዕን በአጭሩ ልጻፈው። በአጭሩ ካልሆነ አልችለውም።

ጠዋት ወንዙን ስንሻገር ውሃው ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ያልፍ ነበር። መንደሪቱ ደርሰን ከምንጩ ቀዳን። ቅዳሴው ወጣ። መምሬ ካሳ እንዳሉት ሕዝቡን አቆዩልን፤ ቅጽሩ ሞልቶ ነበር። ሲሳይ በኸምጣኛ ተናገረ፣ እናታችን እንዳረመችው። ሰዎቹ ጸጥ ብለው ሰሙት። ማሳየት ላይ ስንደርስ ፀሐይ ጠፋች። ደመናው ከደሃና ተራሮች በኩል ወርዶ ሸፈነን። ጠበቅን። መምሬ ካሳም ጠበቁ፤ ሕዝቡም ጾሙን ሳይፈታ አብሮን ጠበቀ። አልወጣችም። «ነገ ይሁን» አሉ መምሬ። «ፀሐይን አንተ አላዘዝካት። ነገ ደግሞ ይቆዩልሃል።»

ስንመለስ በእኛ በኩል ዝናብ አልነበረም። ሰማዩ እንዲያውም ገለጥ ብሎ ነበር፤ ሲሳይ በፀሐይዋ ተናድዶ «አሁን መጣሽ?» አላት። ወንዙ እንደ ጠዋቱ ነው። እኔ ማይክሮስኮፑን ተሸክሜ ቀደምኩ። ማዶ ወጥቼ ዞር ስል መሐል ላይ ጎንበስ ብሎ አየሁት።

«ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«ከዚህም ትንሽ ልቅዳ። የምንጩንና የወንዙን እናስተያያለን።»

ድምፁን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ድንጋይ ድንጋይን ሲመታ። ላይ ደሃና የዘነበው ዝናብ ነበር የመጣው። ከጥምዙ ብቅ ሲል ቡናማ ነበር፤ ግንድ ይዞ ነበር። ሲሳይም ሰምቶ ቀና ብሏል። ወደ እኔ ሊሮጥ አንድ እግሩን አንስቷል።

በአገራችን ደራሽ ውሃ እንዳለ የማያውቅ ሕፃን የለም። እሱም ያውቃል። ውሃ ሲያይ ግን የሚያየው ትንሹን ነበር።

ከመምሬ መንደርም ከከተማውም ሰው ወጥቶ፣ ሳይመሽ ከታች ካለው ጥምዝ አገኙት። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በማግሥቱ ሐሙስ ጠዋት ቤታችን ሰው ሞላ። ቀብሩ ከቀትር በፊት ነበር። ከውስጥ ይገንዙታል፤ ከደጅ በዳሱ ሥር ይለቀሳል። እኔ ከእናቴ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተቀምጫለሁ። የሰማሁት በስተኋላዬ ነው፤ ሁለት ሰዎች በዝግታ ያወሩ ነበር።

«የውሃን ገመና ገበያ አውጥቶ ሲያሳይ ከረመ። ውሃ ይተወዋል?»

«እኔስ ከእንግዲህ የፈላ ውሃ ቤቴ አይገባም። ቁጣ ነው።»

ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ትናንት እሱን ሲፈልጉ ውለው ልብሳቸው ገና አልደረቀም። ግን ገባኝ። በመስከረም ስም ሲጠራ የሚሆነው ገባኝ። ወንድሜን ሁለት ጊዜ ሊቀብሩት ነው፤ ዛሬ እሱን፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የተናገረውን።

ተነሣሁ።

በአገራችን ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም። ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ውሃ የሚቀዳው፣ እሳት የሚያነደው ጎረቤት ነው። እኔ ግን ጓሮ ዞሬ ትልቁን የጠላ መጥመቂያ ጋን ለማንሣት ስታገል ሰዉ አየኝ። ጋን እሳት ላይ እንደማይጣድ እንኳ አላሰብኩም። እንዲህ ነው እኔ የምረዳው።

«ይሄ ልጅ ምን ነካው?» አለ አንዱ። «ኧረ ያዙት፣ አስቀምጡት።»

እትዬ ዘውዲቱ መጣች። ፊቷ በልቅሶ አብጧል። ጋኑን ከእጄ ወሰደች። «ይሄ ይፈነዳብሃል» አለች። «ምን ልታደርግ ነው?»

«ውሃ ላፈላ ነው። ለቀብር ለመጣው ሰው።»

ሄዳ ከቤቷ ትልቁን የብረት ድስት አመጣች። እናታችን ከዳሱ ሥር ሆና፣ እንባዋ ሳይቋረጥ፣ «ደረቁ እንጨት ከጎተራው ሥር ነው» አለች። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሐል ያንን ብቻ ነው በግልጽ የሰማሁት።

እሳቱ ሲያያዝ መምሬ ካሳ ከመንደራቸው ሰዎች ጋር ደረሱ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ድስቱ አጠገብ ቆሙ። ሰዉ ዙሪያውን ከበበ። ምን እንደሚሉ ሁሉም ይጠብቃል፤ እኔም እጠብቃለሁ።

«ይህ ከቀብርና ከቅዳሴ መልስ የሚጠጣ ነው?» አሉኝ።

«አዎ መምሬ። እስከዚያ ይቀዘቅዛል።»

«ትናንት አላየሁትም» አሉ። ለእኔ ሳይሆን ለሰዉ ነበር የሚናገሩት። «ፀሐይ ስላልነበረች የምንጫችንን ውሃ ሳላይ ነው የቀረሁት። ስለዚህ አለበት ወይም የለበትም ብዬ አልመሰክርም። ያ ልጅ ግን ያላየውን አየሁ አይልም ነበር፤ ገበያ ላይ ሰምቼዋለሁ።» ድስቱን በመቋሚያቸው አመለከቱ። «ጾም የሚፈርሰው ሰው ወድዶ በሚበላው ነው። ሕፃኑ እንዳይሞትበት ብሎ ውሃ ያፈላ ሰው መረቅ አማረኝ ብሎ አይደለም። ከቅዳሴ ስመለስ ከዚህ ለኔ ቅዱልኝ።»

ከኋላዬ ሲያወሩ ከነበሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ጎንበስ ብሎ እንጨቱን ወደ ውስጥ ገፋ።

ሐጂ እንድሪስ መጡ። በአንድ እጃቸው የቤታቸውን ማንቆርቆሪያ ይዘዋል፤ ውሃው ከራሳቸው ገንቦ ነው። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። «አላህ ያጽናህ» አሉኝ። «እሳቱን ብቻ አጋራኝ። እኔው ቢስሚላህ ብዬ እጥደዋለሁ፤ ለቤቴ ልጆች ነው።» ከድስቱ ጎን ሦስት ድንጋይ አስተካከሉና ጣዱት። ከእሳቱ ጥግ በእንጨት ጫፍ ፍም ሳብኩላቸው።

ውሃው መሰማት ጀመረ። ከሥሩ ትንንሽ አረፋ ተነሣ። ሐጂ ቁልቁል እያዩ «አሁን ሞቱ?» አሉ።

«ስንት ያህል መፍላት አለበት?» አሉ መምሬ ካሳም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዓመታት ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሲያፈላ አይቻለሁ። መቼ እንደሚያወርደው ግን ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። ፕሮቲን አውቃለሁ፤ ይሄን አላውቅም። የሚያውቀው በግድግዳው ማዶ በአቡጀዴ ይጠቀለል ነበር።

ውሃው ተንተከተከ።

«ገና ነው» አልኳቸው፣ እንጨትም ጨመርኩ። ከዚያ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን።